ከፈተና በኋላ ስማው

ግንቦት 29

ጋሼ፣ አራት ቀን ሙሉ የት ጠፍተህ ነው? ዛሬ ብቅ ስትል ደግሞ በጽሑፍ። "ስልኬ ወድቆ ማይኩ ተበላሸ፣ ከእንግዲህ እየጻፍኩ ነው የማወራህ።" እሺ፣ ምን ይደረጋል። ድምፅህን ግን ለምጄው ነበር። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ነው የምሰማህ።

ይህን ደብተር አምና ለእረፍት ስትመጣ የሰጠኸኝ አንተ ነህ። "ያሰብከውን ጻፍ። ለማንም አታሳይ፣ ለእኔም ቢሆን።" ስለዚህ እዚህ የምጽፍልህን አታነበውም። ደስ የሚለውም እሱ ነው።

ዛሬ ምንም የተለየ ነገር የለም። ትምህርት ቤት ክለሳ ብቻ። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሦስት ሳምንት ከምናምን ቀረን። ፍቅሩ ከጎኔ ተቀምጦ ሲነዘንዘኝ ዋለ።

"ሀንጋሪ ወንድም ያለው ሰው ማስቲካ እንኳ የለውም?"

"የሚማረው ስለ ስንዴ ነው። ስንዴ ላስልክልህ?"

"ተፈጭቶ ከሆነ።"

እትዬ ህሊና ከአንኮበር ተመለሰች። እማዬ "አሞኛል" ብላ አስጠርታት ትናንት ነበር ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቃ የሄደችው። እማዬ ተሽሏታል አለችኝ። የእሷ ዓይን ግን አብጧል። አቧራ ነው አለች። ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች፣ ብርድ መቶኝ ነው ትላለች።

አንድ ነገር... ግንቦት 24 የላክህልኝ ድምፅ እስካሁን አልተከፈተም። አሥራ አንድ ደቂቃ። ከሥሩ "ከፈተና በኋላ ስማው" ብለህ ጽፈሃል። "እስከ ዛሬ ከተፈተንካቸው ሁሉ የከበደህ የቱ ነው?" ብዬ ስለጠየቅሁህ መሆን አለበት። ለመንገር አሥራ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ምን ዓይነት ፈተና ነው? ጣቴን አስጠግቼ እመልሳለሁ። አልከፍተውም። ቃሌ ነው።

ሰኔ 2

ዛሬ የጻፍክልኝ አሳቀኝ። እዚህ ልገልብጠው።

"እዚህ ሀንጋሪ፣ ደብረሰን፣ የመጀመሪያው ቀን። ክፍል ገባን፣ አስተማሪው ሲመጣ ብድግ አልኩ። ሌላ የተነሣ ሰው የለም። ሃያ ሰው ዞሮ አየኝ። አስተማሪውም ቆሞ አየኝና 'ጥያቄ አለህ?' አለ። ምን ልበለው? የሌለኝን ጥያቄ ፈልጌ ጠየቅሁት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ገና ከበር 'ዛሬስ ጥያቄህ ምንድን ነው?' ይለኝ ነበር።"

ለእትዬ አነበብኩላት። አልሳቀችም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ምስር መልቀሟን ቀጠለች። "ጥሩ ነው፣ አሁን አጥና" አለችኝ። ምን ሆና ነው?

ስትጽፍ ከድምፅህ የተሻልክ ተራኪ ነህ፣ ታውቃለህ? በድምፅ "እእ" ታበዛለህ። ጽሑፉ ላይ አንድም የለም። ዘሥላሴን ሰላም በልልኝ። ያ የአረርቲ ልጅ... እዚህ ግቢ አራት ዓመት አንድ ዶርም፣ አሁን ደግሞ ሀንጋሪ ድረስ አብሮህ። አንድ ቀን እኔና ፍቅሩም እንዲህ እንሆናለን?

ሰኔ 4

ኬሚስትሪ። ዝናብ። መብራት የለም።

ሰኔ 8

የክፍላችን ኃላፊ ቲቸር ናዝራዊት ዛሬ "ባየው፣ ከቢሮ ጠመኔ አምጣልኝ" አለችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ግማሽ ፓኮ ጠመኔ ነበር። ሄድኩ። ቢሮ ያሉት ደግሞ "ቆይ፣ ፈልገን እንስጥህ" ብለው አቆዩኝ።

ስመለስ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ሁለት ሴቶች ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። "ማን ሞቶ ነው?" ብዬ ቀለድኩ።

ማንም አልሳቀም። ፍቅሩ "ቁጭ በል፣ ባዬ" አለኝና እጄ ላይ ማስቲካ አኖረልኝ። አንድ ሙሉ እሽግ። ፍቅሩ እኮ ነው። ሦስት ዓመት ሲያውቀኝ አንድ ፍሬ ሰጥቶኝ አያውቅም።

"ምን ገባህ?"

"ዝም ብለህ አኝክ።"

ለፈተናው ፈርተው መሰለኝ። ቲቸር መክራቸው ይሆናል።

ሰኔ 11

"ፍሬሽ ሆኜ ደብረ ብርሃን ስገባ የያዝኩት አንዲት ስስ ብርድ ልብስ ናት። ይህ አገር እንዲህ ይበርዳል ያለኝ የለም። መጀመሪያ ጫማዬን አድርጌ ተኛሁ። ቀጥሎ ጫማዬንም ጃኬቴንም። በሦስተኛው ቀን ሻንጣዬን ሁሉ ለብሼ ተኝቼ ጠዋት ካፌ ስሄድ በረኛው 'ወደ አገርህ ልትመለስ ነው?' አለኝ።"

ሳቅሁ... ግን ቆይ። አንኮበር ያደገ ሰው ደብረ ብርሃን በረደኝ ይላል? ደግሞ ባናውስ? እማዬ አንድ ክረምት ሙሉ ሱፉን ፈትላ፣ አሠርታ፣ በጆንያ ጠቅልላ ያሸከመችህ ባና የት ሄዶ? "የበግ ሽታ አለው ብለው ይስቁብኛል" እያልክ ስታጉረመርም እኔም ነበርኩ።

ጻፍኩልህ፤ "ባናው የት ሄዶ ነው?" ቆየህ። እየጻፍክ እንደሆነ ያሳያል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ያሳያል። በመጨረሻ የመጣው አንድ መስመር ነው። "እሱን በአካል እነግርሃለሁ።"

ምን ያስደብቃል? ሸጠኸው ነው?

ሰኔ 16

"እዚህ ፈተናው በቃል ነው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶች ተደፍተው ተደርድረዋል፣ አንዱን ታነሣለህ፣ የደረሰህን ርዕስ ትናገራለህ። እጣ በለው። አማተብኩና ላነሣ ስል ፈታኟ ሴትዮ 'ይህ ምንድን ነው?' አለችኝ። 'ጥሩ ርዕስ እንዲደርሰኝ ነው።' አነሣሁ። የደረሰኝ ያላነበብኩት። እንደገና አማተብኩ። 'አሁንስ?' 'አሁን ለእርስዎ ትዕግሥት።' ሌላ አንሣ አለችኝ።"

ቀጥሎ... "ግቢ ለፈተና ስትገባ ብሎክ 7፣ ክፍል 12 ብቅ በል። መስኮቱ ጋ ያለውን ሎከር ክፈተው። በሩ ላይ ከውስጥ በኩል 'ይነጋል' ብዬ በሚስማር ቀርጬ ስሜን ጽፌበታለሁ። የሚያስጠላ ቀን ሲመጣ እየከፈትኩ አየው ነበር።"

ቀጥሎ ደግሞ "በርታ። እኮራብሃለሁ።"

ስድስት ጊዜ አነበብኩት። አንተ እንዲህ ብለኸኝ አታውቅም። ስምንተኛ ክፍል ከወረዳው አንደኛ ስወጣ እንኳ "ጥሩ ነው፣ ጫማህን ግን ጥረግ" ነው ያልከኝ። ርቀት ሰውን ይለውጣል? እንደ ሞኝ ተደስቼ ዋልኩ። ዛሬ ፊዚክስ ራሱ ገባኝ።

ሰኔ 20

ነገ ግቢ እንገባለን። ልብስ፣ ሳሙና፣ መታወቂያ። ስልክ አይገባም፣ ይህ ደብተርም እዚህ ይቀራል።

እማዬ ደወለች። ድምፅዋ ተዘግቷል። "ጉንፋን ነው የኔ ልጅ። ተረጋግተህ ጻፍ። እንቅልፍህን ተኛ።" ሌላ ምንም። ሁልጊዜ "ዘርአ ዳዊት ደወለ ወይ?" ሳትለኝ ስልክ ዘግታ አታውቅም። ዛሬ ረሳችው።

ለአንተም ጻፍኩ። "ስወጣ አሥራ አንዱን ደቂቃ እሰማለሁ።" እጅ አውጥተህ የምትሰናበት ሥዕል ላክህልኝ።

ሰኔ 26

ወጣሁ። ተፈተንኩ። ሂሳቡ ከበደ፣ የቀረው ደህና ነው። የአንተ ግቢ ውስጥ አምስት ሌሊት አደርኩ፣ ጋሼ። በምሳ ሰልፉ ላይ ቆሜ እዚህ ጋ ቆሞ ነበር፣ እዚህ ጋ ተጋፍቶ ነበር እያልኩ። ብሎክ 7 የደረሰው ፍቅሩን ነው። ክፍል 12 ሄደህ ሎከሩን እይልኝ ብዬ ላክሁት። ሲመለስ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ነው ያወራኝ።

"'ይነጋል' ይላል።"

"አላልኩህም!"

"ስሙ ግን ዘሥላሴ ነው።"

"ዘርአ ዳዊት አይደለም?"

"ዘሥላሴ። ከአረርቲ ይላል።" አልሳቀም፣ አልቀለደብኝም።

በጓደኛህ ስም ነው የጻፍከው? ፕሮክተሩ ቢይዘው እሱ እንዲቀጣ? ያንተ ሥራ ይመስላል።

በር ላይ የጠበቁኝ እትዬ ሳትሆን አጎቴ ወልደጻድቅ ናቸው። "ዛሬ እኔ ጋ ታድራለህ፣ ነገ አንኮበር።" ባለቤታቸው እትዬ እናናየሁ የጾም ምግብ ጠረጴዛ ሙሉ አቀረበች። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተልባ። ሁለት ጊዜ ጨመሩልኝ። የቤቱ ሰው ሁሉ እኔ ስበላ ያየኛል። እትዬ ህሊናም ቆይታ መጣች። ስለ በረኛውና ስለ ሻንጣው ነገርኳቸው። አጎቴ ሳቁ። "ጋሼ ውጤቴን ሲሰማ ይዘላል" ስላቸው "አሜን" አሉ። ሁሉም "አሜን" አሉ።

ስልኬን ነገ እሰጥሃለሁ አለችኝ እትዬ ህሊና። ደክሞኛል። ጥሩ ቀን ነው።

ሰኔ 27

ጋሼ ሞቷል። ግንቦት 25። ዛሬ ሰኔ 27 ነው።

ሐምሌ 3

አንኮበር። አሁን መጻፍ እችላለሁ መሰለኝ።

መርዶው በጠዋት ነው። ሰው እንቅልፉን ከጠገበ፣ ሆዱ ምግብ ካገኘ በኋላ። እንደ ወጉ። ከመንጋቱ በፊት አጎቴ ቀሰቀሱኝ። "ባየው፣ ተነሣ ልጄ፣ ፊትህን ታጠብ።" ሳሎን ስገባ ሰው ሞልቷል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አላወቅሁም... እማዬ ናት ብዬ ደነገጥኩ። ጉንፋኗ።

"ዘርአ ዳዊትን እግዚአብሔር ወስዶታል። ጠንክር።"

"መቼ?"

"ወር አልፎታል። በሳይክል ሲሄድ መኪና..."

ያኔ ተረጋጋሁ። እውነት ነው፣ ተረጋጋሁ። ተሳስተዋል ማለት ነዋ። "አይደለም አጎቴ፣ ሌላ ሰው ይሆናል፣ ግቢ ልገባ ስል እንኳ ጽፎልኛል" አልኳቸው። እትዬን "ስልኬን ስጪኝ" አልኳት። ከፍቼ ዘረጋሁላቸው። ይኸው፣ ሰኔ 2። ይኸው፣ ሰኔ 11። ይኸው፣ እኮራብሃለሁ። ለሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እያሳየሁ ዞርኩ። ማንም ስልኩን አላየም። አጎቴ እትዬን አዩ። እትዬ መሬቱን አየች።

ከዚያ ሻሿን ስትፈታ አየሁ። ፀጉሯ ከሥሩ ተላጭቷል። ብቅል የሚያህል አድጓል። ከግንቦት ጀምሮ።

የቀብሩ ዕለት እኔ ሂሳብ እየተፈተንኩ ነበር። ሰኔ 23፣ ሬሳው ከሀንጋሪ እስኪደርስ ጠብቀው። አንኮበር ከግቢው አንድ ሰዓት መንገድ ነው። ቲቸር ናዝራዊት ቀብር ላይ ነበረች። የክፍሌ ልጆች ያን ቀን፣ የጠመኔው ቀን ነው የተነገራቸው። "ማን ሞቶ ነው?" ስላቸው ወንድሜ ነበር የሞተው። ፍቅሩም ያውቃል። ማስቲካው ለቅሶ መድረሱ ነበር።

ከተማው ሁሉ አልቅሶ ጨርሶ ለእኔ ደርቆ የቀረ ዓይን ነው ያመጡልኝ።

ሐምሌ 5

መቃብሩ ጋ ወሰዱኝ። አፈሩ በዝናብ ተደላድሏል። ትኩስ መቃብር እንኳ አላገኘሁም።

ጾሙ ተፈታ። ማንም አልበላም ማለት ይቻላል።

እማዬን ጠየቅኋት። ከለቀስተኛው መሀል ጠርቼ፣ ከጓሮ።

"ለምን?"

"ዓመት ሙሉ የለፋህበት ነው።"

"መቅበር አይገባኝም ነበር? ወንድሜ አይደለም?"

"አንተ ነህ የቀረኸኝ። አንተም ከመንገድ እንዳትቀርብኝ ብዬ ነው። እሱስ ቢሆን ምን ይል ነበር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? በእሱ ስም ሌላ ሰው ነው ሲያናግረኝ የከረመ።"

ነጠላዋን አስተካከለች። ቀስ ብላ "አባትህ ሲሞት ስልኩን የያዘው ማን ነበር?" አለችኝ።

...

እኔ ነበርኩ።

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ጋሼ ሦስተኛ ዓመት፣ ፈተና ላይ። አባባ በሞተ በማግሥቱ ደወለ። ቤቱ ለቅሶ። የትልልቆቹ ድምፅ ያስታውቃል ተባለና ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ፣ ሜዳ ወጥተህ አናግረው ብለው። "አባባስ?" አለኝ። "አሊዩ አምባ ገበያ ወርዷል" አልኩት። እንደዚያ በል ያለኝ የለም። ከራሴ ነው ያመጣሁት። ጎበዝ ተባልኩ። አጎቴ ራሴን ዳበሱኝ።

ጋሼ ፈተናውን ጨርሶ መጣና ተረዳ። ስለዚያ ስልክ አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም።

ግን እኔ ልጅ ነበርኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የዋሸሁት። እነሱ አንድ ወር። አንድ ነው? አንድ አይደለም።

ሐምሌ 7

ከእትዬ ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስን፣ የፋብሪካው ፈቃድ አለቀ። መንገዱን ሙሉ ጉም። አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ሐምሌ 9

ዘሥላሴ መጣ።

በር ሲያንኳኳ እኔ ብቻ ነበርኩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በፎቶ የማውቀው። ሬሳውን ይዞ የመጣው እሱ ነው። በአንድ እጁ የጋሼን ስልክ፣ በሌላው በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ቁጭ በል አላልኩትም። ቆሞ ነው ያወራው።

"የመጣሁት ልትሰድበኝ ከፈለግህ እንድትሰድበኝ ነው።"

"ሁሉንም የጻፍከው አንተ ነህ?"

"ከግንቦት 29 ጀምሮ። እህትህ ደወለችልኝ። 'እናቴ ናት ያለችው' አለችኝ። አልችልም አልኳት። ሁለተኛ ቀን ስልኩን ስከፍት ሰባት ጊዜ ጽፈህለታል። 'ጋሼ የት ጠፋህ፣ ተቀይመኸኝ ነው?' ይላል። ያን አይቼ ነው።"

"የቱ ነው የእሱ? ከጻፍከው ውስጥ የቱ ነው ጋሼ የነገረህ?" ይህን ነበር ማወቅ የምፈልገው። ስልኬን ሰጠሁት። "ምልክት አድርግልኝ። የእሱን ከአንተው ለይልኝ።"

አልተቀበለኝም።

"የእሱ የለበትም። ሁሉም የኔ ነው። መጀመሪያ እሱ ያወራኝን ልጽፍ ሞክሬ ነበር። በሞተ ሰው አፍ መናገር ከበደኝ። ስሙን ብቻ ወስጄ የራሴን ሕይወት ጻፍኩልህ። ክፍል ውስጥ ብድግ ያልኩት እኔ ነኝ። ወረቀት ያነሣሁትም። ሎከሩም የኔ ነው።"

"ስምህን አይቻለሁ።"

"ልነግርህ ፈልጌ ይሆናል። እንጃ።"

"ስስ ብርድ ልብሱም?"

"የኔ። በሦስተኛው ቀን፣ ካፌ ደርሼ ስመለስ፣ አልጋዬ ላይ ይህ ተነጥፎ ነበር።" ጆንያውን ፈታው። ባናው። እስካሁን የበግ ሽታ አለው። "ዘርአ ዳዊት ነው። 'እኔ ይሞቀኛል፣ አንኮበሬ ነኝ' አለኝ። ውሸቱን ነው። ጥርሱ ሲፋጭ እሰማው ነበር። ሲብስበት ባናውን ስበን አልጋዎቹን አስጠግተን ለሁለት... ሀንጋሪም ይዞት ሄዷል። ለዚህ ነው ስትጠይቀኝ መልስ ያጣሁት። ይህ ወሬ የኔ አይደለም፣ የእሱ ነው።"

ባናውን ተቀበልኩት። ከዚያ የማልፈልገውን ጠየቅሁ።

"እኮራብሃለሁ ያለኝስ?"

"እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

ስድስት ጊዜ ያነበብኩት። የተፈተንኩበት። የማላውቀው ሰው ኮራብኝ።

"ሂድ" አልኩት። ሄደ። ዝናቡ ላይ። ጃንጥላ አልነበረውም።

ሐምሌ 10

እሱም ጓደኛው ነበር። እሱም አልቅሷል። አውቃለሁ... ታዲያ ምን ላድርግ?

ሐምሌ 12

እትዬ ነገሩን ዛሬ አነሣችው። ልብስ እያጠበች፣ ሳታየኝ።

"እስከ መቼ ነው የምትዘጋኝ?"

"አላውቅም።"

"አንተ ስታጠና እኔ ፋብሪካ ሽንት ቤት ገብቼ ነበር የማለቅሰው። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ መጥቼ ራት እሠራልሃለሁ። ቀልዱን እያነበብክ ሳቂ ትለኛለህ።"

"ሳቂ አላልኩሽም።"

"ብለኸኛል።"

ብያት ይሆናል።

ነገ ከፋብሪካ እንደገና ፈቃድ ጠይቃ፣ ከቀብሩ ለሚቆጠረው አርባ ዝግጅት እማዬ ጋ ትሄዳለች፣ ሳምንት ትቆያለች። "አብረን እንሂድ።" አልሄድም አልኩ። "ብቻህን አድረህ አታውቅም።" አሁን እለምዳለሁ አልኳት። ለመጉዳት ብዬ ነው ያልኩት። ተጎዳችም።

ሐምሌ 13

ሄደች። ቆሎ፣ ሽሮ፣ ክብሪት፣ ሁሉን አሳይታኝ። ከጋሼ ሁሉ የቀረኝ አንድ ነገር ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ። ለምን እስካሁን አልከፈትኩትም? ከሰማሁት አዲስ ነገር አይኖረውም። ካልሰማሁት ገና የሚነግረኝ አለ።

ሐምሌ 14

ብቻዬን የነጋልኝ የመጀመሪያው ጠዋት።

ስነቃ የጀሪካን ድምፅ ጠበቅሁ። እትዬ ውኃ ስትቀዳ ነበር የምነቃው። የለም። ባናውን ለብሼ ነው ያደርኩት። ተነሣሁ፣ አጠፍኩት፣ ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። ስልኩን እንደ ድሮው መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩትና ከፈትኩት።

"እእ... ባዬ።"

እሱ ነው። እእ የሚለው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ድስት ነው። ሾርባ እየሠራ፣ ማንኪያ እየፈለገ። ከዚያ...

"ከሁሉ የከበደኝ... እእ... የሦስተኛ ዓመቱ ነው። ስታቲስቲክስ። ትምህርቱ ቀላል ነበር። በዋዜማው ደውዬ 'አባባስ?' ስልህ 'አሊዩ አምባ ገበያ ወርዷል' አልከኝ። ታስታውሳለህ? እእ... ባዬ፣ ያን ቀን እኮ ገበያ አይውልም። እዚያ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስልኩን እንደዘጋሁት ገባኝ። ዘሥላሴ 'ምን ሆንክ?' አለኝ፣ ምንም አልኩት። ሲነጋ ሄጄ ተፈተንኩ።"

ውኃው በጣቶቼ መሀል ፈሰሰ።

"ትቼ ብመጣ... እእ... ያስታወቀው ባየው ነው ይሉሃል። ልጅ ነህ፣ ዕድሜህን ሙሉ ትይዘዋለህ። ስለዚህ ያላወቀ መሰልኩ። ስመጣም መርዶውን እንደ አዲስ ተቀበልኩ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁን ስትጠይቀኝ ሌላ ፈተና ልነግርህ አሰብኩ፣ ግን... ትልቅ ሰው ሆነሃል። ላንተም መዋሸት ሰለቸኝ። ብቻ ከፈተና በኋላ ስማው፣ እንዳትረበሽ። እእ... ቆይ፣ ገነፈለ።"

የቀረው ምድጃ ሲጠርግ ነው፣ ስለ ስንዴው ዘር ሲያወራ፣ ሲያዛጋ። የመጨረሻው "በል፣ ቁርስህን ብላ" ነው። እኮራብሃለሁ አላለም።

አምስት ዓመት አውቆ ዝም ብሎኛል። እሱም ዋሽቶኛል ማለት ነው? መናደድ ሞከርኩ። በሁሉም ላይ እንደተናደድኩት በእሱም ላይ። ሆድ ዕቃዬ ውስጥ ፈለግሁት፣ አለ፣ ግን እግር የለውም፣ መቆም አቃተው።

ስልኩ ጮኸ። እትዬ ናት። ከአንኮበር፣ ከኋላዋ ዶሮ ይጮሃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በአንድ ቃል ስመልስላት የከረምኩ ልጅ ቶሎ አነሣሁት።

"እንዴት አደርክ?"

"ደህና።"

"አልበረደህም?"

"ባናው አለ።"

"ቁርስ በላህ?"

ምድጃው አልተለኮሰም። ሽሮው እንደታሸገ ነው። አፌ ውስጥ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልገባም።

"በልቻለሁ" አልኳት።

"ምን?"

"ዳቦ በሻይ።"

ቤት ውስጥ ዳቦ እንደሌለ ታውቃለች። ሁሉን አሳይታኝ ነው የሄደችው። ግን "ጎበዝ" አለችኝ። "በል ደህና ዋል" ብላ ዘጋችው።

ፊቴን አደረቅሁ። ጫማዬን ጠረግሁ። ሳንቲም ቆጥሬ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ።